ልጁን ለሰላም የሰጠ አባት

በቋንቋችን ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት አነጋገሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ባለጌ ልጅ መንገድ ላይ ባየን ጊዜ «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን፤ በዚህም ጥፋቱን ከልጁ ላይ አንሥተን ባሳደገው ሰው ላይ እንጥላለን። ያው ልጅ ከደኅና ቤት ያደገ መሆኑን የሰማን እንደሆነ ግን ወዲያው አፋችንን አዙረን «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን፤ አሁን ደግሞ አሳዳጊውን ነጻ አውጥተን ወላጁን፣ አያቱንና ቅድመ አያቱን እንከስሳለን። አንዱን ስንናገር ሌላው ትዝ አይለንም። በሁለቱም ፍርድ ልጁ ራሱ ቀርቦ አለመጠየቁን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ደግሜ ደጋግሜ እንዳስብ ያስገደደኝ የሊቃውንት ድርሰት አይደለም። በአሜሪካ አገር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጥቂት ሳንቲም ይሸጥ የነበረ፣ ለልጆች ነው ተብሎ የተናቀ፣ በሥዕልና በአጫጭር ንግግር የሚተረክ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ከውጭ አገር የመጡለትን፣ በ2007 እና በ2008 በአራት ትልልቅ ጥራዝ ተሰብስበው እንደገና የታተሙትን መጻሕፍት ባዋሰኝ ጊዜ፣ ለእንቅልፍ ማምጫ ይሆኑኛል ብዬ ነበር የተቀበልሁት። እንቅልፍ ግን አላመጡልኝም።

የታሪኩ ደራሲና ሠዓሊ ጃክ ከርቢ ይባላል። በ1917 በኒውዮርክ ከተማ፣ ድኾችና ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በሎወር ኢስት ሳይድ ሰፈር፣ ከኦስትሪያ ከፈለሱ አይሁድ ወላጆች ተወለደ። አባቱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጃኮብ ኩርትስበርግ ሲሆን፣ ከርቢ የሚለውን ለሥራው ሲል የመረጠው ራሱ ነው። ከጆ ሳይመን ጋር ሆኖ ካፕቴን አሜሪካ የተባለውን ጀግና የፈጠረው አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቷ በፊት ነው፤ በመጀመሪያው ቁጥር ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ይታያል። በ1944 ደግሞ ሠዓሊው እርሳሱን ትቶ ራሱ በእግረኛ ወታደርነት ፈረንሳይ ገባ፤ በዚያው ክረምት እግሮቹ በብርድ ተጎድተው ሆስፒታል ተኛ። ከ1961 ጀምሮ ማርቭል በተባለው አሳታሚ ቤት ከስታን ሊ ጋር እየሠራ ፋንታስቲክ ፎርን፣ ሀልክን፣ ኤክስ ሜንን፣ በ1966ም ብላክ ፓንተር የተባለውን አፍሪካዊ ንጉሥ አወጣ። የዛሬ ልጆች በየሲኒማው የሚያውቋቸው ጀግኖች እኩሌታ ያህሉ በዚህ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለፉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1970፣ ዕድሜው ከኀምሳ ካለፈ በኋላ፣ ማርቭልን ትቶ ወደ ተወዳዳሪው ወደ ዲሲ ሄደ። ብዙ ሰው በዚያ ዕድሜው ያገኘውን ወንበር አጥብቆ ይይዛል እንጂ አዲስ ዓለም ልፍጠር ብሎ አይነሣም። እርሱ ግን አስቀድሞ ጂሚ ኦልሰን የተባለውን የቆየ መጽሔት ተረክቦ፣ ቀጥሎም «የዘላለም ሰዎች»፣ «አዲሶቹ አማልክት»፣ «ሚስተር ሚራክል» የተባሉትን ሦስት አዳዲስ መጽሔቶች በ1971 መጀመሪያ ላይ አከታትሎ አወጣ። በውሉ መሠረት በየሳምንቱ 15 ገጽ የመሥራት ግዴታ ነበረበት፤ ድርሰቱም ሥዕሉም ከራሱ ነው። የአራቱ መጽሔቶች ታሪክ እርስ በርሱ የተያያዘ በመሆኑ ባንድነት «አራተኛው ዓለም» የሚል ስም ወጣለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጂሚ ኦልሰን መጽሔት ውስጥ ሱፐርማንም ስለሚገኝ ከርቢ ይሥለው ነበር፤ ነገር ግን አሳታሚው የከርቢ ሱፐርማን ፊቱ የለመድነውን አይመስልም በማለት፣ የጀግናውን ፊት እያስደመሰሰ በሌሎች የቤቱ ሠዓሊዎች እጅ እንደገና አሣለው። አካሉ የአንዱ፣ ፊቱ የሌላው ሆኖ ታተመ። ይህን ያየ አንባቢ፣ ሌላ ማስረጃ ሳይፈልግ፣ ሰውዬው ስለ ነጻነት ለምን እንደ ጻፈ ግማሹን ይረዳዋል።

አማልክት የሚለው ስም ቅር የሚያሰኘው አንባቢ ቢኖር አይደንግጥ። ነገሩ ተረት ነው፤ የሚናገረውም ስለ ሰው ነው። አሮጌዎቹ አማልክት እርስ በርሳቸው ተዋግተው ካለቁ በኋላ ዓለማቸው ለሁለት ተሰነጠቀ ይላል። አንዱ ስንጣሪ ኒው ጀነሲስ፣ ለምለም ምድር ሆነ፤ ከተማውም በሰማይ ላይ ተንሳፎ ይኖራል። ሁለተኛው አፖኮሊፕስ፣ የእሳት ጉድጓድ ሌት ተቀን የሚነድበት፣ ሕዝቡ ሁሉ ባሪያ የሆነበት ምድር ነው። የዚህኛው ጌታ ዳርክሳይድ ይባላል፤ ፊቱ እንደ ድንጋይ የተጠረበ፣ ብዙ የማይናገር፣ የማይቸኩል ገዢ ነው። የሚፈልገውም ወርቅ ወይም መሬት አይደለም። የፍጥረትን ሁሉ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ለእርሱ የሚያስገዛ አንድ ቀመር አለ፤ እርሱን ይፈልጋል። ይህ ቀመር በታሪኩ ውስጥ «ጸረ ሕይወት» ይባላል። ስሙን ባየሁ ጊዜ ገዳይ መርዝ ወይም ቦምብ መስሎኝ ነበር። ከርቢ ግን ሞትን አላሰበም፤ እየተነፈሰ፣ እየበላ፣ እየሠራ፣ የራሱ ፈቃድ የሌለውን ሰው የሕይወት ተቃራኒ አድርጎ አየው።

የታሪኩ ሁሉ ማሠሪያ በ1972 «አዲሶቹ አማልክት» በተባለው መጽሔት በሰባተኛው ቁጥር ላይ የወጣው፣ ርእሱም «ውል» የሚል ምዕራፍ ነው። ኢዛያ የኒው ጀነሲስ ጦረኛ ነበር። ሚስቱን በዳርክሳይድ ተንኮል ገደሉበት፤ እርሱም በበቀል ተነሥቶ ተዋጋ፤ ጦርነቱም ዓለማትን እስኪያቃጥል ድረስ ገፋ። አንድ ቀን ግን ኢዛያ ራሱን ተመለከተና የሚጠላውን ሰው መስሎ አገኘው። ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ወጣ፤ የጦር ልብሱን ከላዩ ላይ ቀዳዶ ጣለ፤ ከፍርስራሽ መካከል ቆሞ በቀረ አንድ ግድግዳ ላይም የእሳት ጽሕፈት አየ። ከዚያ ሲመለስ የያዘው ጦር ሳይሆን የእረኛ በትር ነበረ። ሙሴን ማንም አንባቢ ያስታውሳል፤ ከርቢም እንዲያስታውስ ፈልጓል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወገኖች የሰላም ውል ተዋዋሉ። ውሉ እንዲጸና ግን መያዣ ያስፈልግ ነበር፤ መያዣውም የሁለቱ ልጆች ሆኑ። የዳርክሳይድ ልጅ ኦራይዮን ለኢዛያ ተሰጠ፤ የኢዛያ ልጅ ለዳርክሳይድ ተሰጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ፈራጅ ብትሆን ምን ትላለህ?

እኔ በመጀመሪያ ያልሁትን ልናገር። ኢዛያ ትክክል ሠራ አልሁ። ጦርነቱ ቢቀጥል ስንት ሺህ ሕፃናት ይሞቱ ነበር? ስለ ሺሆቹ አንድ ቢሰጥ ምን ክፋት አለው? ደግሞም ነገሥታት ሁሉ ጦርነት ሲያውጁ የሰውን ልጆች ይሰጣሉ፤ ማንም አይከሳቸውም፤ እንዲያውም ሐውልት ይቆምላቸዋል። ይህ ሰው ግን የሰጠው የራሱን ልጅ ነው። የሰላሙን ዋጋ ከጎረቤቱ ኪስ አልከፈለም። እንዲህ ካሰብሁ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ተኛሁ።

በማግሥቱ በአውቶቡስ ስሄድ አሳቤ ተለወጠ። «የራሱን ልጅ» ብዬ ነበር፤ ታዲያ ልጅ የአባቱ ንብረት ነውን? ሰው ስለ ወንድሙ የራሱን ደም ቢያፈስ መሥዋዕት ይባላል። የሌላውን ደም አፍስሶ ግን መሥዋዕት አቀረብሁ ቢል፣ ያ ሌላው የገዛ ልጁ በመሆኑ ብቻ ስሙ አይለወጥም። ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ወታደር ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ሕፃኑ ግን አልተነገረውም፤ ቢነገረውም አይገባውም ነበር። ኢዛያ በዚያች ሌሊት አዘነ፣ ምናልባት አለቀሰ፤ በነጋታው ግን ለምለሙ ምድር ላይ ነቃ። ልጁ የነቃው እሳት በሚነድበት አገር ነው። ውሉን የፈረመው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ነው።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ዳርክሳይድ ውሉን ሲቀበል አንድ ቀን እንደሚፈርስ ዐውቆና ወድዶ ነው። ልጁ ከእስር ቤቱ ያመለጠ እንደሆነ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጦርነቱን እንደገና ለመጀመር ምክንያት አገኘ። ስለዚህ የኒው ጀነሲስ ሰላም የቆመው በአንድ ብላቴና ሰንሰለት ላይ ነበር። ልጁ በእስራት እስከ ተቀመጠ ድረስ እነዚያ መልካም ሰዎች በተንሳፋፊው ከተማቸው ይዘምራሉ። ነጻ የወጣ ቀን ደግሞ ሰላም አፍራሽ እርሱ ይሆናል። ይህን ያህል ከባድ ጥያቄ በርካሽ ወረቀት ላይ ታትሞ ሳገኝ መደነቄን አልሸሽግም። ሰው ነጻ መውጣቱ ሌሎችን የሚጐዳ ሲሆን በእስራቱ ሊኖር ይገባዋልን?

የብላቴናውን ስም አልነገርኋችሁም። የወለደው አባቱ ያወጣለት ስም በታሪኩ ውስጥ አይታወቅም፤ ስም ያወጣችለት «አያት ደጊቱ» የምትባል የሕፃናት ማሳደጊያ አስተዳዳሪ ናት፤ ለማላገጥ ስትል ስኮት ፍሪ አለችው። በእንግሊዝኛ ያለ ቅጣት አመለጠ እንደማለት ነው፤ ማንም ከማያመልጥበት ቦታ ለተጣለ ልጅ የወጣ ስም መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ከርቢ በስም አወጣጥ ጨዋታ ያበዛል፤ ንግግሩም ብዙ ጊዜ እንደ አዋጅ ነጋሪ የሚጮኽ ነው። አያት ደጊቱን ግን በጥሩ ሥሏታል። ልጆቹን እየገረፈች እንደምትወዳቸው ትነግራቸዋለች። ለእርሷ ደግነት ማለት ልጁ ስለ ተገረፈበት አለንጋ እጅ ነሥቶ ማመስገን ሲለምድ ነው።

ወደ መነሻችን እንመለስ። ደም የሚገዛ ቢሆን ኦራይዮን እንደ አባቱ ጨካኝ፣ ስኮት ፍሪም እንደ አባቱ ቸር መሆን ይገባቸዋል። አስተዳደግ የሚገዛ ቢሆን ነገሩ መገልበጥ አለበት። ከርቢ ያደረገው ከሁለቱም የተለየ ነው። ኦራይዮን ለኒው ጀነሲስ ይዋጋል፤ መልካሙን ወገን ይወድዳል፤ ነገር ግን ቍጣው የአባቱ ነው። እውነተኛ ፊቱም የሚያስፈራ ነው፤ «የእናት ሣጥን» የተባለችው መሣሪያ መልኩን አሳምራ ትሸፍንለታለች። በጦርነት መካከል ያ መሸፈኛ በወረደ ጊዜ ያ ፊት ይገለጣል። ስኮት ፍሪ ግን በዚያ ማሳደጊያ አድጎ የዋህና ተጫዋች ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ወገን ደስ ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም ደማቸውን መስለዋልና። ነገር ግን ባርዳ የምትባል ሴት አለች። የተወለደችው በአፖኮሊፕስ ነው፤ ያሳደገቻትም ያችው አያት ደጊቱ ናት፤ የሴት ወታደሮች አለቃ እስከ መሆን ደርሳለች። ደሟም አስተዳደጓም አንድ ወገን ናቸው። እርሷ ግን ሹመቷን ትታ ወደ ስኮት ኰበለለች። ከሁለቱ ምሳሌዎቻችን በየትኛው እንፍረድባት? እኔ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ያገኘሁት ነገር ቢኖር ሁለቱም ምሳሌዎች ሰውን ከተፈጸመ በኋላ የሚገልጹት እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው የማያውቁ መሆናቸውን ነው።

ስኮት የሚያመልጥበት ምዕራፍ በዚያው በ1972 «ሚስተር ሚራክል» በተባለው መጽሔት በዘጠነኛው ቁጥር ላይ ወጥቷል፤ ከሁሉ አብልጬ የምወድደው እርሱን ነው። በባሮቹ ሰፈር መካከል ሂሞን የተባለ ሽማግሌ ጠቢብ ተደብቆ ይኖራል። ሊገድሉት ይመጣሉ፣ ያመልጣል፤ እንደገና ይመጣሉ፣ እንደገና ያመልጣል፤ ነገር ግን አገሩን ለቅቆ አይሄድም። ለጥቂት ወጣቶች በስውር ያስተምራል፤ ከተማሪዎቹም የሚገደሉ አሉ። በምዕራፉ መጨረሻ ብላቴናው በማምለጫው በር ላይ ሲቆም ዳርክሳይድ ራሱ መጥቶ እንዲቀር ይጠራዋል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አይዝትም። ከእኔ ጋር ብትቀር የጀመርሁትን እፈጽምብሃለሁ የሚል ዓይነት ግብዣ ነው። ልጁ ይሄዳል። የሚሄደውም አባቱን ፍለጋ ወይም ለመበቀል አይደለም፤ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብቻ ነው። ከኋላው ጦርነት ይነሣል።

በደለን? ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። የማምንበትን ብናገር፣ ጦርነቱን ያነሣው የሮጠው ልጅ አይደለም፤ መሮጡ ጦርነት እንዲያስነሣ አድርገው ውሉን የጻፉት ሁለቱ አባቶች ናቸው። ይህን ስል በዚያ ጦርነት ለሚሞተው ሰው ምንም እንዳልጠቀምሁት ዐውቃለሁ። እርሱ ማን ተጠያቂ እንደ ሆነ መስማቱ አያድነውም።

ስለ ጸረ ሕይወት ቀመር የተናገርሁትን ሳልጨርስ አልፌአለሁ። በ1971 በወጣው «የዘላለም ሰዎች» በሦስተኛው ቁጥር ላይ ግሎሪየስ ጎድፍሪ የተባለ ጣፋጭ ሰባኪ አለ። መልኩ ያማረ፣ ድምፁም የለዘበ ነው። ሕዝብ ሰብስቦ የሚነግራቸው አዲስ ነገር የለም፤ የምትጠሉትን ብትመቱ ጥፋት የለባችሁም፣ ምክንያት አላችሁ፣ እኔ እመሰክርላችኋለሁ ይላቸዋል። ተከታዮቹ ፊታቸውን የሚሸፍን የብረት ቆብ አጥልቀው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ያቃጥላሉ፣ ሰው ይደበድባሉ። ከርቢ በፈረንሳይ ምድር የተዋጋቸውን ሰዎች እያስታወሰ እንደ ሣላቸው ግልጽ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዳርክሳይድ ሲፈልገው የኖረውን ቀመር እነዚህ ሰዎች ያለ ቀመር፣ በገዛ እጃቸው መስጠታቸው ነው። ማንም አላስገደዳቸውም። ፈቃድ ሸክም ነውና፣ የሚሸከምላቸው ሰው ሲያገኙ ደስ አላቸው።

በመሥሪያ ቤት የምንኖር ሰዎች ይህን ቆብ በዐይናችን አይተነው አናውቅም፤ ነገር ግን «ከበላይ ታዝዤ ነው» የምትለዋን አነጋገር እናውቃታለን። እኔም ብያታለሁ። አንድ ጊዜ፣ በቀድሞ ሥራዬ፣ ሽማግሌ ባለጉዳይ በሦስተኛ ቀናቸው ተመልሰው ፊቴ ቆመው ሳሉ ያችን ቃል ተናግሬ ፋይሉን ዘጋሁ። ትእዛዙ ትክክል ይሁን ስሕተት አልመረመርሁም። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን እውነቱን ልናገር፤ ቀለለኝ።

አሁን ወደ ሠዓሊው ወደ ራሱ ልመለስ፤ የጻፈውን ውል እርሱም ኖሮበታልና። በዚያ ዘመን በዚያ ሙያ ሠዓሊ በገጽ ይከፈለው ነበር፤ የፈጠረው ሰው፣ ስሙና መልኩ፣ ከዚያ በኋላ የሚያመጣው ገንዘብ ሁሉ የአሳታሚው ነበር። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 ሙሉ መብቱን በ130 ዶላር ሸጠው፣ ብዙ ዓመት ተቸግረው ከኖሩ በኋላ፣ በ1975 መጨረሻ ላይ ነው የጡረታ አበልና የስማቸው መጠቀስ የተፈቀደላቸው። ከርቢ አራት ልጆች ነበሩት። ልጆቹን ለማሳደግ በወረቀት ላይ የወለዳቸውን ሰጠ ብል በቃል መጫወት ይመስልብኝ ይሆናል፤ ግን ከዚህ የቀረበ አገላለጥ አላገኘሁለትም። ስለ ማርቭል ዘመኑ የተሰማውን ምሬት በ1972 በሚስተር ሚራክል መጽሔት በስድስተኛው ቁጥር ላይ አውጥቶታል፤ ፈንኪ ፍላሽማን የሚባል፣ በሰው ሥራ የሚኖር አፈ ቅቤ ሰው ሥሎ በስታን ሊ ላይ ያፌዛል። ሥዕሉ ያስቃል፤ ነገር ግን በንዴት የተሠራ ነውና ከቀሩት ምዕራፎች ያንሳል። የተበደለ ሰው ሁሉ በደሉን በሚገባ አይናገርም።

አራተኛው ዓለም አልተፈጸመም። «አዲሶቹ አማልክት»ና «የዘላለም ሰዎች» እያንዳንዳቸው አሥራ አንድ ቁጥር ከወጡ በኋላ በ1972 እንዲቆሙ ታዘዘ። ከርቢ ካማንዲ፣ ዲመን፣ ኦማክ የተባሉ ሌሎች ታሪኮችን ሠራ፤ ወደ ማርቭልም ተመልሶ በ1976 «ኢተርናልስ» የተባለውን ጀመረ፤ እርሱም በ1978 ቆመ። በ1985 ዲሲ ለአራተኛው ዓለም አንድ የመዝጊያ መጽሐፍ እንዲሠራ አደረገው። በዚያው ዘመን ዲሲ ከአሻንጉሊት ሽያጭ ላይ ድርሻ እንዲያገኝ፣ የራሱን ፍጡራን መልክ እንደገና እንዲነድፍ በማድረግ መንገድ ፈልጎለታል፤ ይህ መልካም ሥራ መመስገን አለበት። በመዝጊያው መጽሐፍ ውስጥ ኦራይዮን አባቱን አይገድልም። በእስር የቆየች እናቱን ያወጣና ይሄዳል፤ በዳርክሳይድ ላይ የሚነሡት የተራቡት ባሮች ራሳቸው ናቸው።

ማርቭል ደግሞ በዚሁ በ1980ዎቹ የሠዓሊዎቹን ዋና ገጾች መመለስ ሲጀምር፣ ለሌሎቹ አንድ ገጽ የሆነውን የስምምነት ወረቀት ለከርቢ አራት ገጽ አድርጎ ላከው፤ ሊመልስለት ያሰበውም ከሺሆቹ ገጾች 88ቱን ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1987 ሁለት ሺህ ያህል ገጾች ደረሱት። የቀሩት የት እንደ ወደቁ እግዚአብሔር ያውቃል። በ1994 ዐረፈ። ልጆቹ በፍርድ ቤት ያነሡት ክስ በ2011 እና በ2013 ተፈርዶባቸው፣ ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በ2014 በስምምነት ተዘጋ። በ2021 «ኢተርናልስ» ፊልም ሆኖ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት ዳርክሳይድም በሌላ ፊልም ታይቷል። ድንጋይ ፊቱን ያየው ሕዝብ በሚሊዮን ይቈጠራል፤ የሠራውን ሰው ስም የሚያውቀው ስንቱ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ። እኔ ራሴ ጓደኛዬ መጽሐፉን ባያውሰኝ አላውቅም ነበር።

የስኮት ፍሪ ታሪክ ከሌሎቹ ትንሽ ቆይቶ በ1974 በ18ኛው ቁጥር አለቀ። በዚያ ቁጥር ስኮትና ባርዳ ይጋባሉ፤ የጋብቻቸውን ሥርዓት የሚፈጽመውም ልጁን በመያዣ የሰጠው ያው ኢዛያ ነው። አባትና ልጅ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ፊት ለፊት ቆሙ። ደስ ብሎኝ ገጹን ገለጥሁ። ይቅርታ ጠየቀውን? ልጁስ ለምን ሰጠኸኝ አለውን? ዳርክሳይድ በሠርጉ መካከል ደረሰና ሁሉም ተበታተነ። መጽሔቱ እንዲቆም ታዝዞ ነበርና ለእንደዚህ ያለው ንግግር የሚበቃ ገጽ አልተረፈም።

ይህን ጉዳይ ይህን ያህል ያከበድሁት ለምን እንደ ሆነ አንባቢ ሳይጠይቀኝ አልቀረም። እኔም በሰባት ዓመቴ ተሰጥቻለሁ። ለሰላም አልነበረም፤ በአገራችን ትምህርት ቤት ስላልነበረ ከተማ ላለችው አክስቴ ነው የተሰጠሁት። አባቴ አውቶቡስ እስከሚቆምበት ድረስ በእግር ግማሽ ቀን ወሰደኝ። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የገረፈችኝም እንደማንኛውም ልጅ ነው፤ ዛሬ ይህን ለመጻፍ የበቃሁትም በእርሷ ቤት ስላደግሁ ነው። አባቴ አሁንም አለ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ማርና ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ሌሊት ያድራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ደመወዜ እንነጋገራለን። ስለዚያ ቀን እርሱ አንሥቶ አያውቅም። እኔም ባለፈው ዓመት፣ ሦስተኛውን ጥራዝ አንብቤ በጨረስሁበት ሰሞን፣ ልጠይቀው ቈርጬ ነበር። ማታ ራት በልተን ቡና እስኪፈላ ስንጠብቅ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አገላበጠ፤ የኦራይዮንን ፊት አየና «ይኸ ማን ነው?» አለኝ። «የንጉሥ ልጅ ነው፤ ሰው ቤት ያደገ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ተመለከተው፤ ከዚያ መጽሐፉን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «መልኩ አባቱን ሳይመስል አይቀርም» አለ።